አሮጌ ድልድይ፣ ከባድ መኪና፣ ወደብ፦ ሰልፉን የት እናቁመው?

ወደብ አጠገብ አሮጌ ድልድይ ያለበት ሰው ችግሩን የሚያውቀው በሰልፍ ነው። መርከብ ሲገባ መኪና ይጎርፋል። መርከብ ሲወጣ ድልድዩ ጭር ብሎ ይውላል። አዲስ ድልድይ ይሠራል ይባላል። ግን አዲሱ እስኪሠራ ኮንቴይነሩ መውጣት አለበት። ይህ መመሪያ ለዚያ «እስኪሠራ» ለሚባለው ጊዜ ነው። የጻፍኩት ለወደብ በር ኃላፊ፣ ለትራፊክ አስተባባሪ፣ ለመንገድ ጥገና ክፍል እና ለስምሪት ሠራተኛ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚመዘዘው። ብዙ ሰው የድልድይ ትራፊክን ድልድዩ ላይ ቆሞ ለማስተካከል ይሞክራል። ፊሽካ ይነፋል፤ እጁን ያወናጭፋል። እዚያ ሲደረስ ግን ነገሩ አብቅቷል። ከልክ በላይ የጫነው መኪና ድልድዩ አፍ ላይ ቆሟል። ከኋላው ሌላ ሠላሳ መኪና ተደርድሯል። ዞሮ የሚመለስበት ቦታ የለም። ሁሉም ጡሩምባ ይነፋል። መጨረሻው «በቃ ይለፍ» ነው። የድልድዩ ሥራ መሠራት ያለበት ከድልድዩ ርቆ ነው፤ ወደቡ በር ላይ፣ ሚዛኑ ላይ እና ማቆያ ሜዳው ላይ።

1. ድልድዩ ስንት ይችላል? መጀመሪያ ይህን እወቁ

ወረቀት ፈልጉ። ንድፉን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የመጨረሻውን የምርመራ ሪፖርት። አሮጌ ድልድይ ሆኖ ንድፉ የጠፋበት ብዙ ነው። ከጠፋ መሐንዲስ ይለካ፤ ከኮንክሪቱ ናሙና ይውሰድ፤ ብረቱን ይመርምርና እንደገና ያስላ። ይህን ቁጥር በግምት ማውጣት አይቻልም። «ስንት ዓመት ሙሉ 40 ቶን ሲያልፍበት ኖሯል፤ ምን ሆነ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ክርክር እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ለምን እንዳልሆነ በአሜሪካ ኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ ያሳያል። የተሠራው በ1928 ነው። ያኔ የቤት መኪና ማለት ከ700 ኪሎ ያልበለጠች ፎርድ ነበረች። ለጭነት መኪና የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደትም 9 ቶን ገደማ ነበር። በ1967 መንገዱ ላይ የነበሩት መኪኖች 27 ቶንና ከዚያ በላይ ደርሰዋል። ያን ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ድልድዩ በመኪና ተሞልቶ ሳለ ወደቀ። 46 ሰው ሞተ። መነሻው ድልድዩን አንጠልጥሎ ከያዙት የብረት ዘንጎች የአንዱ ስንጥቅ ነበር፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ለ39 ዓመታት ችሎ ነበር። ከዚያ ግን አልቻለም።

መሐንዲሱን ስትጠይቁ አንድ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። «ድልድዩ 30 ቶን ነው» የሚል ሰሌዳ ምንም አይነግራችሁም። የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦ የአንድ መኪና ጠቅላላ ክብደት ስንት ይሁን? የአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ የሚያያዝበት ዘንግ) ጭነትስ? በአንድ ጊዜ ስንት መኪና ድልድዩ ላይ ይሁን? መኪናው በየትኛው የመንገዱ ክፍል ይሂድ፤ መሀል ወይስ ዳር? በምን ፍጥነት? መልሶቹን በጽሑፍ፣ በፊርማና በቀን ተቀበሉ። ስንት ጊዜ እንደሚያገለግሉም ይጻፍ። ወደብ አጠገብ የጨው አየር አለ፤ ብረት በጨው ቶሎ ይበላል። የአምስት ዓመት ሪፖርት እዚያ አካባቢ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ነው።

2. ቁጠሩ

አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ የሚያልፈውን ቁጠሩ። ሳምንቱ ቢያንስ አንድ መርከብ የሚራገፍበት ይሁን። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ሰው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። የሚመዘገበው ሰዓቱ፣ አቅጣጫው፣ የአክስሉ ብዛት፣ ጭነት መያዝ አለመያዙ እና መኪናው ድልድዩ ላይ መቆም አለመቆሙ ነው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው።

ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። ድልድዩ 120 ሜትር ነው እንበል። ተሳቢ ያለው መኪና 16 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ጭነቱን ይዞ 40 ቶን ነው። መኪኖቹ 50 ሜትር እየተራራቁ ቢነዱ፣ በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ቢሆኑ ነው። 80 ቶን። አሁን ከድልድዩ ማዶ ያለው መብራት ቀይ ሆነ። መኪኖቹ ሁለት ሁለት ሜትር ብቻ ተራርቀው ቆሙ። ያው መስመር ስድስት መኪና ያዘ። 240 ቶን። ሁለቱም መስመር ከቆመ 480 ቶን። አንድም መኪና ሕግ አልጣሰም። ሁሉም በልኩ ነው የጫነው። ድልድዩ ግን ሦስት እጥፍ ተሸከመ።

ለረጅም ድልድይ ሰልፍ ከልክ በላይ ከጫነ አንድ መኪና የከፋ ሊሆን ይችላል የምለው ለዚህ ነው። አጭር ድልድይ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አሥር ሜትር ድልድይ ላይ ከአንድ መኪና በላይ አይገባም፤ እዚያ የሚገድለው አክስሉ ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ መሐንዲሱ ይንገራችሁ።

3. ድልድዩ በሰዓት ስንት ያሳልፋል?

መሐንዲሱ «አንድ በአንድ ብቻ» አለ እንበል። ያው 120 ሜትር ድልድይ ነው። መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ጭራው እስኪወጣ 25 ሰከንድ ይፈጃል። ከቆመበት ተነስቶ ፍጥነት እስኪይዝ 10 ሰከንድ ጨምሩ። 35 ሰከንድ። በሰዓት ከሁለቱም አቅጣጫ 100 መኪና ገደማ ማለት ነው። ለቤት መኪናና ለአውቶቡስ ከየሰዓቱ ሩብ ሰዓት ስጡ፤ 75 ይቀራል። ያችኑ 75 እስከ ጫፏ አትጠቀሙ። አንድ መኪና ማርሽ አልገባ ሲለው ሁሉም ይዘገያል። 70 ብላችሁ ያዙት።

አሁን ወደቡ በሰዓት 120 መኪና ቢለቅስ? በየሰዓቱ 50 መኪና ይተርፋል። አንዱ መኪና ከነክፍተቱ 18 ሜትር ተኩል ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሰልፉ በሰዓት ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሦስት ኪሎ ሜትር ሊደርስ ምንም አይቀረው። ትራፊክ ፖሊስ ብትጨምሩ አይቀንስም። መብራት ብትተክሉ አይቀንስም። የሚቀንሰው በሩ ላይ 120ው 70 ሲሆን ብቻ ነው።

ይህን ሒሳብ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለወደቡ ሥራ አስኪያጅ ውሰዱ። ሥራ አስኪያጆች ስለ ድልድይ ድካም ሲነገራቸው ስልካቸውን ይነካካሉ። ስለ ሦስት ኪሎ ሜትር ሰልፍ ሲነገራቸው ቀና ይላሉ።

4. ሰልፉን አንሱና ሌላ ቦታ አስቀምጡት

ሰልፍ አይጠፋም። ቦታ ግን ይቀየራል። ከድልድዩ በፊት፣ በሁለቱም በኩል፣ ማቆያ ሜዳ ያስፈልጋል። ከወደቡ በኩል ያለው በወደቡ ግቢ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ከማዶ ያለው ከድልድዩ ቢያንስ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ይራቅ፤ መኪና ሳይቸገር ገብቶ ዞሮ የሚወጣበት ይሁን። ሽንት ቤት፣ ውሃ እና መብራት ይኑረው። ይህ ቅንጦት አይደለም። ሽንት ቤት የሌለው ማቆያ ውስጥ ማንም ሹፌር አይቆይም። ወጥቶ መንገድ ዳር ይቆማል፤ ሰልፉም ተመልሶ ድልድዩ ላይ ይወጣል።

ከዚያ ቀጠሮ። እያንዳንዱ መኪና የሚገባበት ሰዓት ይሰጠው። በስልክ መልእክትም፣ በወረቀትም፣ በሰሌዳ ቁጥር ዝርዝርም ይሁን። በየሰዓቱ የሚሰጠው ቀጠሮ ቅድም ካገኘነው 70 መብለጥ የለበትም። ባዶ ገብቶ ጭኖ የሚወጣው ሁለቴ እንደሚያልፍ አትርሱ። 70 ማለፊያ ማለት 35 የደርሶ መልስ ጉዞ ነው። ይህችን የሚረሳ አስተባባሪ አይቻለሁ። ቀጠሮውን ሲያወጣ ሁሉም ነገር ያማረ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ድልድዩ ታነቀ።

ቀጠሮ የሚከበረው ሁለቱም ወገን ሲከበርለት ነው። በአውስትራሊያ የሲድኒው ፖርት ቦታኒ ከ2011 ጀምሮ በሁለቱም በኩል ቅጣት አለው። መኪናው ከዘገየ ባለመኪናው ይከፍላል። መኪናው በሰዓቱ ደርሶ ተርሚናሉ ካዘገየው ደግሞ ተርሚናሉ ይከፍላል። ሹፌር የሚከፈለው በቢያጆ ከሆነ ሰዓቱ ገንዘቡ ነው። እሱን ብቻ የሚቀጣ ቀጠሮ ሦስት ሳምንት አይዘልቅም።

5. ሚዛኑ የት ይተከል?

ወደብ ውስጥ፤ ከበሩ በፊት። ድልድዩ አፍ ላይ የተተከለ ሚዛን ሲያዩት ደስ ይላል፤ ለሥራ ግን አይሆንም። ከልክ በላይ የጫነ መኪና እዚያ ቢገኝ ምን ይደረጋል? ክሬን የለም። ማራገፊያ የለም። ወደኋላ መመለሻ የለም። ግቢው ውስጥ ከሆነ ግን «ተመለስና ቀንስ» ማለት ይቻላል። ከማዶ ለሚመጣው ጭነትም እንዲሁ፤ ሚዛኑ ማቆያ ሜዳው መግቢያ ላይ ይሁን።

ለኮንቴይነር አንድ ጥሩ ነገር አለ። ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ ሶላስ የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ደህንነት ስምምነት የተሞላ ኮንቴይነር ክብደቱ ተረጋግጦ ካልተገለጸ መርከብ ላይ እንዳይጫን ይከለክላል። ስለዚህ መርከቡ ሲደርስ የየኮንቴይነሩ ክብደት በዝርዝሩ ላይ አለ። መኪናው ሳይመጣ በፊት ከባዱን ከቀላሉ መለየት ይቻላል። ከባዱን ብዙ አክስል ላለው መኪና መድቡ፤ ትራፊክ በሚቀንስበት ሰዓት ቀጠሮ ስጡት። ዝርዝሩን ከመርከብ ወኪሉ ጠይቁ። ከጠየቃችሁ ይሰጣችኋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ጠያቂው ነው።

በዓይን አትገምቱ። ትልቁ ኮንቴይነር ያስፈራል፤ አደገኛው ግን ትንሹ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ስድስት ሜትር ብቻ ነው። በሩ ላይ ግን ከፍተኛ ክብደት 30,480 ኪሎ የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ባለ 40 ጫማው ርዝመቱ እጥፍ ነው፤ የሚፈቀድለት ክብደት ግን እጥፍ አይደለም። ትልቁ ፍራሽ ይዞ ይሆናል። ትንሹ ሴራሚክ ወይም ብረት ይዞ ያን ሁሉ ክብደት ጥቂት አክስሎች ላይ ያሳርፈዋል። በጅምላ የሚጫነው ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶና ብረትም የኮንቴይነር ወረቀት የለውም። እሱ ሁሌም ይመዘን።

ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን አክስል በአክስል መዝኑ። በአሜሪካ ኢሊኖይ ከ1958 እስከ 1960 በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ የተገኘ ሕግ አለ፦ አንድ አክስል መንገድን የሚጎዳው በክብደቱ አራተኛ እርከን ነው፤ ማለትም ክብደቱ ስንት እጥፍ እንደጨመረ የሚያሳየው ቁጥር አራት ጊዜ ተደጋግሞ ይባዛል። 10 ቶን የነበረውን አክስል 13 ቶን ብታደርጉት ጭነቱ 30 በመቶ ጨመረ፤ ጉዳቱ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። የብረት ድልድይ ድካም (ጭነት ሲመላለስበት ብረቱ ላይ የሚጠራቀመው ጉዳት) በሦስተኛ እርከን ነው የሚሰላው፤ ያው 13 ቶን እዚያም ጉዳቱን ከሁለት እጥፍ በላይ ያደርገዋል። ጭነቱን ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ብቻ አንዳንዴ ችግሩን ይፈታል፤ ማራገፍም ላያስፈልግ ይችላል።

ሚዛን ላይ የሚደረጉ ብልሃቶችንም እወቋቸው። የሚነሳ አክስል ያለው መኪና ሚዛን ላይ አውርዶት ድልድዩ ላይ ያነሳዋል። ሌላው ተመዝኖ ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ ጆንያ ይጨምራል። ስለዚህ ከሚዛኑ እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ አጭርና የሚታይ ይሁን። ቲኬቱም ሰዓት ይኑረው። ግማሽ ሰዓት ያለፈው ቲኬት እንደገና ይመዘን።

6. ሰሌዳ ብቻውን አያቆምም

በ2019 ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ሚርፗ ሱር ታርን በምትባል ቦታ አንድ የተንጠለጠለ ድልድይ ወደቀ። ሰሌዳው 19 ቶን ይላል። የገባው መኪና ከ50 ቶን በላይ ነበር። ሹፌሩና በሌላ መኪና ውስጥ የነበረች የ15 ዓመት ልጅ ሞቱ። ሰሌዳው በቦታው ነበር።

ጀርመኖች ሌቨርኩሰን አጠገብ በነበረው አሮጌ የራይን ወንዝ ድልድይ ላይ ሌላውን ትምህርት ተምረዋል። በ2014 ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ መኪና እንዳያልፍ ከለከሉ። ማለፉ አልቆመም። በ2016 ከድልድዩ በፊት የመኪናውን ስፋትና ክብደት አይቶ የሚዘጋ መዝጊያ ተከሉ። ያኔ ነገሩ መልክ ያዘ። የሚያሳዝነው ግን ተሳስተው የሚገቡት ሁሉንም ሰልፍ ማስያዛቸው ነበር። መዝጊያ ከተከላችሁ የተሳሳተ መኪና ወጥቶ የሚሄድበትን ማምለጫ መንገድም አብራችሁ ሥሩ።

ከፍታ የሚከለክል አግዳሚ ብረት ብዙ ቦታ አያለሁ። ለክብደት አይጠቅምም። ብረት የጫነ ሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ ተሳቢ) ከሥሩ ሹልክ ብሎ ያልፋል። የሚጠቅመው ስፋት የሚያጠብ ብሎኬት ነው፤ እሱም ከባድ መኪና ጭራሽ እንዲቀር ሲፈለግ ብቻ።

7. ድልድዩ ላይ የሚሠራው ሥራ

አሁን ወደ ድልድዩ መጣን። እዚህ ሥራው አጭር ነው፤ አጭር መሆንም አለበት።

መግቢያው ላይ ያለውን ጉድጓድ ድፈኑ። በቅድሚያ፤ ዛሬ። መኪና ጉድጓድ ወይም እብጠት ሲዘል ክብደቱ በቅጽበት ይጨምራል። አሽቶ የተባለው የአሜሪካ የመንገድ ባለሥልጣናት ማኅበር ያወጣው የድልድይ ንድፍ ደንብ ለዚህ መንቀጥቀጥ በመደበኛው ስሌት 33 በመቶ ይጨምራል። ለመንገዱ መገጣጠሚያ ደግሞ 75 በመቶ። አንድ ጋሪ አስፋልት ከብዙ ትራፊክ ፖሊስ በላይ ድልድዩን ያሳርፋል። ፍጥነት መቀነሻ እብጠት ድልድዩ ላይ ወይም አፉ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ አለ። እባካችሁ። እብጠቱን 50 ሜትር ወደኋላ አርቁት።

መብራት ወይም ሰው፣ አንዱን ምረጡ። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲያዝዙ ሹፌር የሚመቸውን ይመርጣል። በሰው ከሆነ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሰው ሬዲዮ ይዞ ይቁም። የሚለቀው ሰው «ገባ» ይበል፤ የሚቀበለው «ወጣ» ይበል። «ወጣ» ሳይባል ሌላ አይገባም። ሬዲዮ ከተበላሸ የጥንቱን የባቡር ዘዴ ተጠቀሙ፦ አንድ ዱላ። ዱላውን የያዘ መኪና ብቻ ይገባል፤ ማዶ ሲደርስ ለተቆጣጣሪው ያስረክባል። ዱላ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሊገናኝ አይችልም። ባትሪም አይፈልግም።

ዋናው ሕግ፦ መውጫው ክፍት ካልሆነ ማንም አይገባም። ከድልድዩ ማዶ መጋጠሚያ፣ የባቡር ማቋረጫ ወይም ነዳጅ ማደያ ካለ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከተቻለ የማዶው መብራት ከድልድዩ የሚወጣውን ያስቀድም። ማደያው የሚያስቆመውን ሰልፍም ከመንገዱ አውጡት።

መሐንዲሱ «በመሀል ይሂድ» ካለ መስመሩን በቀለም አስምሩ፤ ዳሩንም በብሎኬት አጥብቡ። በኒውዮርክ የብሩክሊን–ኩዊንስ አውራ ጎዳና አሮጌው ክፍል ላይ በ2021 በየአቅጣጫው ሦስት የነበረው መስመር ወደ ሁለት ተቀንሷል። ለማሳመር አይደለም፤ ክብደት ለመቀነስ ነው። ብሎኬት ስታስቀምጡ ግን የራሱ የብሎኬቱ ክብደት በመሐንዲሱ ስሌት ይግባ። በሚኒያፖሊስ በ2007 የወደቀው ድልድይ ላይ በዚያን ቀን የጥገና አሸዋና ጠጠር ተከምሮ ነበር። የመገጣጠሚያ ብረቶቹ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነበሩ፤ ክምሩ ጨመረበት። 13 ሰው ሞተ።

8. ልዩ ጭነት

ትራንስፎርመር፣ ኤክስካቫተር፣ ክሬን። እነዚህ የሚያልፉት በየጊዜው በተሰላ ፈቃድ ነው። ብቻቸውን፣ በመሀል፣ በእግር ፍጥነት፤ ፍሬን ሳይያዝ፣ ማርሽ ሳይቀየር። መሐንዲስ ቆሞ ይይ።

ተረስቶ የሚቀረው ግን የወደቡ የራሱ መሣሪያ ነው። ኮንቴይነር የሚያነሳው ሪች ስታከር ባዶውን ከ60 ቶን በላይ ይመዝናል። ሁለተኛ ግቢ ማዶ ያለው ወደብ «አንዴ ተሻገርና አንሳልን» ይለዋል። ጎማ ስላለው መኪና ይመስላል። አይደለም። በሎቤድ ቢጫን እንኳ ክብደቱ የትም አይሄድም። በሩ ላይ «የግቢ መሣሪያ አይወጣም» ተብሎ ይጻፍ።

9. መኪና ድልድዩ ላይ ቢበላሽ

መጀመሪያ መግቢያውን በሁለቱም በኩል ዝጉ። ከዚያ ከኋላው ያሉትን ከኋለኛው ጀምራችሁ ወደኋላ አስወጡ። ጎታች መኪና ወዲያው አታስገቡ። ከባድ ጎታች ራሱ 20 ቶን እና ከዚያ በላይ ነው። ከተበላሸው ጋር ሲገናኝ ሁለት ከባድ መኪና አንድ ቦታ ቆመ ማለት ነው። ጎታቹ ከድልድዩ ውጭ ቆሞ በረጅም ካቦ ይሳብ። ለዚህ የሚሆን ካቦ ቀድሞ ተገዝቶ ድልድዩ አጠገብ ይቀመጥ። የእሳት አደጋ መኪናም ውሃ ሲሞላ ከባድ ነው። የትኛው መኪና ማለፍ እንደሚችል ከእሳት አደጋ ክፍሉ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እሳት እየነደደ አይሰላም።

10. ማን ይዘጋል? ማን ይከፍታል?

በየቀኑ አንድ ሰው ድልድዩን በእግሩ ይሂድበት፤ ከሥሩም ይይ። አዲስ ስንጥቅ፣ የዝገት ውሃ ያፈሰሰው መስመር፣ ተንሸራትቶ የወጣ መቀመጫ (ድልድዩ ምሰሶው ላይ የሚያርፍበት)፣ የሰፋ መገጣጠሚያ፣ ከወትሮው የተለየ ድምፅ። ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ በቀለም ምልክትና ቀን ይጻፍ። ነገ ከምልክቱ ካለፈ እያደገ ነው። ጎርፍ ካለፈ በኋላ የምሰሶው ሥር ተቦርቡሮ እንደሆነ ይታይ። ወደብ አጠገብ ደግሞ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ከታችም ይመጣል። ጀልባ ምሰሶ ቢነካ፣ ቀላል ቢመስልም፣ ድልድዩ እስኪታይ ይዘጋ።

በመጋቢት 2024 ባልቲሞር ወደብ ላይ ዳሊ የተባለው የኮንቴይነር መርከብ ኃይሉ ጠፍቶበት የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን መታ። መርከቡ አስቀድሞ ድረሱልኝ ብሎ ነበር። ፖሊሶች በሁለቱም ጫፍ መኪና ለማስቆም ያገኙት ጊዜ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አስቆሙ፤ ብዙ ሰው ተረፈ። ድልድዩ ላይ ጉድጓድ ሲደፍኑ የነበሩ ሠራተኞች ግን በጊዜ አልወጡም። ስድስቱ ሞቱ። ስለዚህ በእናንተ ድልድይ ላይ የሚሠራ ማንኛውም የጥገና ቡድን ከጠባቂዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ሬዲዮ፣ በአንድ መስመር ይያዝ። ከወደቡ የመርከብ መቆጣጠሪያ ክፍል ወደ ድልድዩ ጠባቂ በቀጥታ የሚደወልበት ስልክም ይኑር፤ በአለቃ በኩል የሚዞር አይሁን።

ለመዝጋት ፈቃድ አይጠየቅ። በተረኝነት ላይ ያለ ማንኛውም ሰው፣ ጀማሪው ጠባቂም ቢሆን፣ ከተጠራጠረ ይዝጋ። ተሳስቶ ቢገኝ አይቆጣ። አንዴ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይዘጋም። ለመክፈት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈርመው፤ መሐንዲሱ። የወደቡ ሥራ አስኪያጅ አይደለም፤ ትራፊክ ፖሊስም አይደለም።

ሲከፈትም በአንዴ አይለቀቅ። መጀመሪያ ባዶ የጭነት መኪና ብቻውን ይለፍ፤ መሐንዲሱ ከሥር ሆኖ ይይ። ቀጥሎ ግማሽ የጫነ። ቀጥሎ ሙሉ የጫነ። በየመካከሉ ምልክት የተደረገባቸው ስንጥቆች ይታዩ። በዚህ ሰዓት ማቆያ ሜዳው ሞልቷል፤ ሹፌሮቹም ተናድደዋል። አንድ ሰው ሄዶ ምን እንደተፈጠረና በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ይንገራቸው። ከዚያ በቀጠሮው ተራ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አንድ በአንድ።